በተሽከርካሪ ውስጥ የመገናኛ ሬዲዮን የሚያውክ የኤሌክትሪክ ረብሻ፦ ምንጩ፣ መንገዱና መቀነሻው



ዛሬ የምናገርበት ጉዳይ በመማሪያ መጻሕፍት ውስጥ ብዙ ጊዜ በምዕራፍ መጨረሻ ላይ በጥቂት አንቀጾች የሚታለፍ ነው። በሥራ ዓለም ግን እንዲህ በቀላሉ አይታለፍም። አምቡላንስ ውስጥ፣ የእሳት አደጋ መኪና ውስጥ፣ የስልክ መስመር በማይደርስበት ገጠር በሚንቀሳቀስ የረድኤት ድርጅት መኪና ውስጥ የተገጠመ የመገናኛ ሬዲዮ የሚፈተነው አንድ ደካማ ጥሪ በመጣበት ቅጽበት ነው። ያ ጥሪ አንቴናው ድረስ ደርሶ ሳለ የራሱ የመኪናው ሞተር፣ ዲናሞ ወይም የስልክ ቻርጀር በሚፈጥረው ረብሻ ተውጦ ከቀረ፣ የጠሪው ድካምም ሆነ የሬዲዮው ዋጋ ከንቱ ይሆናል። ስለዚህ ጥያቄዬ ይህ ነው፤ መኪናው በውስጡ የተቀመጠውን ሬዲዮ እንዳያደነቁር ምን ማድረግ እንችላለን?

ሬዲዮ ከብልጭታ ተወለደ

ነገሩን ከታሪኩ ልጀምር። ሄንሪክ ኸርዝ በ1880ዎቹ መጨረሻ (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) የኤሌክትሮማግኔት ሞገድ መኖሩን በሙከራ ሲያረጋግጥ ሞገዱን ያመነጨው በሁለት ብረቶች መካከል በምትዘል የኤሌክትሪክ ብልጭታ ነበር። ማርኮኒም በ1901 ምልክቱን አትላንቲክ ውቅያኖስን ሲያሻግር የተጠቀመበት አስተላላፊ በብልጭታ የሚሠራ ነበር። እነዚህ አስተላላፊዎች ውለው አድረው ከአገልግሎት የወጡት በአንድ ጉድለት ምክንያት ነው፤ ብልጭታ ኃይሉን በአንድ ፍሪኩዌንሲ ላይ አይሰበስብም፣ በሰፊው ስፔክትረም ላይ ይበትነዋል፣ ጎረቤቱን ሁሉ ይረብሻል።

እንግዲህ በቤንዚን የሚሠራ ሞተር ውስጥ ያለውን ካንዴላ አስቡት። ከቦቢናው 20,000 ቮልትና ከዚያም በላይ የሚደርስ ግፊት ይቀበላል፤ ብልጭታው በቢሊዮንኛ ሴኮንድ በሚለካ ፍጥነት ይነሣል፤ የካንዴላው ገመድ ደግሞ እንደ አንቴና ያገለግላል። በሌላ አነጋገር፣ እያንዳንዱ የቤንዚን መኪና በኮፈኖው ሥር የድሮውን የማርኮኒ አስተላላፊ ተሸክሞ ይሄዳል። በአንጻሩ አንድ የተለመደ የቪ.ኤች.ኤፍ. መገናኛ ሬዲዮ 0.25 ማይክሮቮልት ያህል የሆነን ምልክት ተቀብሎ ንግግሩን እንዲያሰማ ይጠበቃል። ሁለቱን ቁጥሮች ብናካፍላቸው ውጤቱ ሰማንያ ቢሊዮን ነው። የሁለት ሜትር ርቀት እንኳ በማይለያቸው በእነዚህ ሁለት ዕቃዎች መካከል ሰላም ማውረድ ነው እንግዲህ የእኛ ሥራ።

ረብሻው ምን ያህል ያሳጣናል?

ተማሪዎች ብዙ ጊዜ «ትንሽ ሹክሹክታ ቢኖር ምን ይጎዳል?» ብለው ይጠይቁኛል። መልሱን በስሌት ማየት ይሻላል። በመሬት ላይ በሚደረግ የቪ.ኤች.ኤፍ. ግንኙነት የሚደርሰን ኃይል በግምት ከርቀቱ አራተኛ ርቢ ጋር በተገላቢጦሽ ይቀንሳል። በተቀባዩ ዘንድ ያለው ረብሻ በ6 ዲሲቤል ቢጨምር፣ ቀድሞ ከ30 ኪሎ ሜትር ይሰማ የነበረው ጥሪ አሁን የሚሰማው ከ21 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ በስፋት ሲሰላ የምንሸፍነው ምድር በግማሽ ቀነሰ ማለት ነው። ረብሻው በ20 ዲሲቤል ቢጨምር 30 ኪሎ ሜትሩ ወደ 9.5 ኪሎ ሜትር ይወርዳል፤ የምንሸፍነው ምድርም አንድ ዐሥረኛ ብቻ ይሆናል። ተራራና ሸለቆ በበዛበት አገራችን ቁጥሮቹ እንደ ቦታው ይለያያሉ፤ አቅጣጫቸው ግን አይለወጥም።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚስቱት ነገር አለ። ግንኙነት ሲደክም የመጀመሪያው ሐሳብ የበለጠ ዋት ያለው ሬዲዮ መግዛት ነው። 50 ዋቱን በ100 ዋት የቀየረ ሰው ለሌላው ይበልጥ ይሰማል እንጂ እርሱ ራሱ ሌላውን በተሻለ አይሰማም። ጆሮው የተደፈነ ሰው ድምፁን ከፍ ቢያደርግ የሚመለስለትን መልስ አይሰማም። የመስማት ችግር መፍትሔው የሚገኘው በሚሰማው ሰው በኩል፣ ማለትም በመኪናው ውስጥ ነው።

አራቱ ምንጮች

የረብሻ ምንጮችን በአራት ከፍዬ ማየት እመርጣለሁ።

የመጀመሪያው አሁን ያነሣነው የካንዴላ ብልጭታ ነው። በድምፅ ማጉያው «ጣ፣ ጣ፣ ጣ» እያለ ይሰማል፤ ነዳጅ ሲረገጥ ይፈጥናል፣ ሞተሩ ሲጠፋ ወዲያው ያቆማል።

ሁለተኛው ዲናሞ ነው። ዲናሞ ባለሦስት ፌዝ ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ አመንጭቶ በስድስት ዳዮዶች ወደ ቀጥተኛ ይለውጣል፤ ይህ ለውጥ ግን ፍጹም ለስላሳ አይደለም፣ ትንንሽ ሞገድ ይተዋል። ሞተሩ በደቂቃ 2,000 ዙር ሲዞር፣ የፑሊው ምጣኔ 2.5 ቢሆን፣ ዲናሞው 5,000 ዙር ይዞራል። ዐሥራ ሁለት ዋልታ ያለው ከሆነ 500 ኸርዝ ያመነጫል፤ ከዳዮዶቹ በኋላ የሚቀረው ሞገድ ስድስት እጥፍ፣ ማለትም 3,000 ኸርዝ ይሆናል። ሞተሩ ወደ 1,000 ዙር ሲወርድ ደግሞ 1,500 ኸርዝ ነው። ሁለቱም የሰው ንግግር በሬዲዮ ከሚተላለፍበት ከ300 እስከ 3,000 ኸርዝ ባለው ክልል ውስጥ ይወድቃሉ። ከሞተሩ ፍጥነት ጋር ከፍና ዝቅ የሚል ፉጨት የምንሰማው ስለዚህ ነው። ፉጨቱ ከልክ በላይ ከሆነ ከዳዮዶቹ አንዱ ተበላሽቶ ሊሆን ስለሚችል ከማጣሪያ በፊት ዲናሞውን ማስመርመር ይገባል።

ሦስተኛው በፍጥነት የሚያበሩና የሚያጠፉ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች ናቸው፤ የስልክ ቻርጀር፣ ኋላ ላይ የሚገጠም የኤል.ኢ.ዲ. መብራት፣ ከባትሪ 220 ቮልት የሚያወጣ ኢንቨርተር፣ የሞተሩ ኮምፒውተርና የናፍጣ ኢንጄክተሮቹ መቆጣጠሪያ። «መኪናዬ ናፍጣ ነው፣ ካንዴላ የለውም፣ ስለዚህ ረብሻ የለበትም» የሚለው አነጋገር ለአሮጌ ሞተሮች በከፊል እውነት ነበር፤ ለዘመናዊዎቹ ግን አይሠራም።

አራተኛው የትንንሽ ሞተሮች ካርቦን ብሩሽ ነው፤ የዝናብ መጥረጊያው፣ የማቀዝቀዣው ፋን፣ የነዳጅ ፓምፑ። ከእነርሱ ጋር በደረቅ ወቅት ከጎማና ከቺንጋ የሚጠራቀመውን ስታቲክ ኤሌክትሪክ እደምራለሁ።

ሦስቱ መንገዶችና የምርመራው ሥርዐት

ረብሻ ከምንጩ እስከ ሬዲዮው የሚደርሰው በሦስት መንገድ ነው፤ በአንቴናው በኩል እንደ ሞገድ፣ በኃይል ገመዱ በኩል እንደ ኤሌክትሪክ ፍሰት፣ ወይም በማይክሮፎንና በድምፅ ማጉያ ገመዶች በኩል። መንገዱን ሳይለዩ ማጣሪያ መግዛት በር ክፍት ትቶ መስኮት እንደ መዝጋት ነው። ምርመራው ግን ብዙ መሣሪያ አይጠይቅም።

አንደኛ፣ ሞተሩን አጥፍታችሁ፣ ቁልፉንም አውጥታችሁ ሬዲዮውን ብቻ አዳምጡ። ሁለተኛ፣ ሞተሩን ሳታስነሡ ቁልፉን ክፈቱ። ሦስተኛ፣ ሞተሩን አስነሡና ዙሩን ከፍና ዝቅ አድርጉ። በየደረጃው የሚጨመረው ድምፅ ባለቤቱን ይናገራል። አራተኛ፣ ረብሻው እየተሰማ የአንቴናውን ገመድ ከሬዲዮው ንቀሉ። ከጠፋ በአንቴናው በኩል ይገባ ነበር፤ ካልጠፋ በኃይል ወይም በድምፅ ገመድ በኩል ነው። ይህንን ስታደርጉ የማስተላለፊያውን ቁልፍ እንዳትጫኑ፤ ያለ አንቴና ማስተላለፍ ሬዲዮውን ሊያቃጥል ይችላል። አምስተኛ፣ ሬዲዮውን ለጊዜው ከመኪናው ጋር ባልተገናኘ ሌላ ባትሪ ላይ አሠሩት። ስድስተኛ፣ ፊውዞችን አንድ በአንድ እየነቀላችሁ አዳምጡ፤ ለፍሬንና ለአየር ከረጢት የሚያገለግሉትን ግን አትንኩ። ሞተሩ እየሠራ ደግሞ ባትሪውን በፍጹም አትንቀሉ፤ በ12 ቮልት መኪና ላይ የዲናሞው ግፊት ለቅጽበት ከ80 ቮልት በላይ ሊዘል ይችላል፤ ያን ጊዜ የሚከፈለው ዋጋ ከሬዲዮው ይበልጣል።

የዚህን ሥርዐት ጥቅም በአንድ ምሳሌ ላሳይ። ከዓመታት በፊት በገጠር የሚሠራ አንድ ድርጅት የኤች.ኤፍ. ሬዲዮው «አይሰማም» ብሎ መኪናውን ወደ ቤተ ሙከራችን ላከ። ሬዲዮው አስቀድሞ ሁለት ጊዜ ተቀይሮ ነበር፤ ዲናሞውም እንዲሁ። ተማሪዎቼ ሞተሩን አጥፍተው ቁልፉን ሲያወጡ ረብሻው እንዳለ ነበር፤ በዚህ ብቻ ሞተሩና ዲናሞው ከተጠርጣሪነት ወጡ። አንቴናውን ሲነቅሉ ጸጥ አለ። ፊውዝ በፊውዝ ሲሄዱ የደረሱበት በመቀመጫው ሥር በቋሚነት የተሰካ አንድ ርካሽ የስልክ ቻርጀር ነበር። ቻርጀሩ ተነቀለ፤ ሩቅ የነበሩ ጣቢያዎች መሰማት ጀመሩ። ምርመራው በአንድ ከሰዓት በኋላ አለቀ። ከዚያ በፊት የወጣው ገንዘብ ግን ለሦስት ዕቃዎች ነበር።

መቀነሻው፦ መጀመሪያ ከምንጩ

ምንጩ ላይ የሚደረግ ሥራ ሁልጊዜ ከሌላው ይቀድማል። ለካንዴላ ረብሻ መድኃኒቱ በውስጡ ሬዚስተር ያለው ካንዴላና ካርቦን የተቀላቀለበት የካንዴላ ገመድ ነው። የካንዴላው ሬዚስተር 5,000 ኦም ገደማ ነው፤ ብልጭታውን አያዳክመውም፣ ነገር ግን ፍሰቱ የሚዘልበትን ፍጥነት ይገታል፤ ረብሻውም አብሮ ይቀንሳል። መኪኖች ከፋብሪካ ሲወጡ ይህ ተሟልቶላቸው ነው። ችግሩ የሚመጣው በጥገና ወቅት፣ ሬዚስተር በሌለው ካንዴላ ወይም በተራ የመዳብ ገመድ ሲተኩ ነው። ሞተሩ ይሠራል፣ ባለመኪናው ልዩነት አያይም፤ ሬዲዮው ግን ያውቀዋል።

ለዲናሞና ለትንንሽ ሞተሮች ካፓሲተር ይገጠማል። እዚህ ላይ ተማሪዎቼ ከወረዳ ትምህርታቸው ይዘውት የሚመጡት ንድፍ ያሳስታል፤ በወረቀት ላይ የካፓሲተሩ እግር ርዝመት ዋጋ የለውም፣ በመኪና ላይ ግን አለው። ማንኛውም ሽቦ በአንድ ሴንቲ ሜትር 10 ናኖሄንሪ ያህል ኢንዳክታንስ አለው። 0.5 ማይክሮፋራድ የሆነ ካፓሲተር በ10 ሴንቲ ሜትር ሽቦ ብናገናኘው ከ700 ኪሎኸርዝ ገደማ በላይ ካፓሲተርነቱ ያበቃል፤ ኢንዳክተር ይሆናል። በ10 ሜጋኸርዝ ላይ 6 ኦም ያህል እንቅፋት ሆኖ ይቆማል፤ ረብሻውም ወደ ግራውንድ ከመውረድ ይልቅ መንገዱን ይቀጥላል። ስለዚህ የኃይል መስመሩ በመካከሉ የሚያልፍበትና አካሉ በቀጥታ ብረቱ ላይ የሚታሰር ዓይነት ካፓሲተር ይመረጣል፤ የፍሰት ዐቅሙም ዲናሞው ከሚሰጠው መብለጥ አለበት።

ለቻርጀርና ለመብራት ደግሞ ፌራይት ቀለበት አለ፤ የሚገባውም በረብሻው ምንጭ አጠገብ ነው። ገመዱ በቀለበቱ ውስጥ አንድ ጊዜ ከማለፍ ይልቅ ሦስት ጊዜ ቢያልፍ ኢንዳክታንሱ ዘጠኝ እጥፍ ያድጋል፣ ከዙሩ ካሬ ጋር ስለሚሄድ። ከዚህም የሚቀልለው ግን መጥፎውን ቻርጀር በተሻለ መተካት ነው።

መንገዱን መዝጋት

ከምንጩ ቀጥሎ መንገዱ ይመጣል። የሬዲዮው የኃይል ገመድ ከሲጋራ ማቀጣጠያው ወይም በቅርብ ከተገኘው ሽቦ ሳይሆን በቀጥታ ከባትሪው መምጣት አለበት። ባትሪው ራሱ ትልቅ ማጣሪያ ነው። ፊውዙ በባትሪው አጠገብ ይሁን፤ ገመዱ ቢቆረጥና ብረት ቢነካ ቃጠሎን የሚከላከለው ይህ ብቻ ነው። አሉታዊው ገመድ ዘመናዊ መኪና ላይ አምራቹ በሚያመለክተው የአካል ነጥብ ይታሰር፤ በባትሪው ጫፍ ላይ የፍሰት መለኪያ ያላቸው መኪኖች ስላሉ።

የገመዱ ውፍረትም በስሌት ይወሰን። በማስተላለፍ ጊዜ 20 አምፔር የሚስብ የኤች.ኤፍ. ሬዲዮ ከባትሪው በ5 ሜትር ርቀት ቢቀመጥ፣ የመሄጃና የመመለሻ ርዝመቱ 10 ሜትር ነው። 4 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ገመድ 0.86 ቮልት ያባክናል፤ 10 ካሬ ሚሊ ሜትር የሆነው 0.34 ቮልት ብቻ። ሁለቱ ገመዶች ጎን ለጎን ተጠምዘው፣ ከሞተሩ የሽቦ እቅፍ ርቀው ይዘርጉ።

ቀጥሎ የመኪናውን ብረቶች እርስ በርስ ማስተሳሰር አለ። ኮፈኖው በማጠፊያ፣ ማርሚታው ከነቱቦው በላስቲክ ማንጠልጠያ ነው የተያዙት። በኦም መለኪያ ስንፈትሻቸው ከአካሉ ጋር የተገናኙ ሊመስሉ ይችላሉ፤ በሬዲዮ ፍሪኩዌንሲ ግን ተንሳፋፊ አንቴናዎች ናቸው፤ የሞተሩን ረብሻ ተቀብለው መልሰው ይረጩታል። በ30 ሴንቲ ሜትር ቀጭን ሽቦ ብናስራቸው በ10 ሜጋኸርዝ 19 ኦም ገደማ፣ በ150 ሜጋኸርዝ ደግሞ 280 ኦም ገደማ ይቃወማል። ስለዚህ ማሰሪያው አጭርና ሰፊ፣ ከተጠለፈ መዳብ የተሠራ ይሁን፤ ከሥሩ ያለው ቀለም እስከ ብረቱ ድረስ ይፋቅ፤ ዝገት እንዳይበላውም ከላይ ይቀባ።

በመጨረሻም የአንቴናው ቦታ። በአገራችን መንገዶች የምናያቸው ብዙ የመስክ መኪኖች ረጅሙን የኤች.ኤፍ. አንቴና በፊት መከላከያ ብረታቸው ላይ ተክለው ይሄዳሉ። ለመትከል ይመቻል፤ ጠንካራ ብረትም አለው። ከረብሻ አንጻር ግን አንቴናውን ከሞተሩ ፊት ለፊት ማቆም ነው። ለቪ.ኤች.ኤፍ. የጣሪያው መካከል፣ ለኤች.ኤፍ. የመኪናው የኋላ ክፍል ይሻላል፤ የአንቴናው መሠረትና የገመዱ ሽፋን ከአካሉ ጋር በደንብ ከታሰሩ።

ረብሻን መደበቅና ረብሻን ማጥፋት

ሬዲዮዎች ራሳቸው የሚረዱን መንገድ አላቸው። ኤድዊን አርምስትሮንግ በ1933 የፈጠራ መብቱን ያገኘበት ኤፍ.ኤም. የተፈለገው ረብሻ በአብዛኛው የሞገድን ቁመት ስለሚነካ ነው፤ በ1940 ገደማ የአሜሪካዋ ኮኔቲከት ግዛት ፖሊስ መኪኖቹን በኤፍ.ኤም. ሬዲዮ ሲያስታጥቅ አንዱ ትልቅ ጥቅም ይህ ነበር። የኤች.ኤፍ. ሬዲዮ ግን ንግግርን የሚያስተላልፈው በሞገዱ ቁመት ለውጥ ስለሆነ ይህ መከላከያ የለውም። የብልጭታ ረብሻን በቅጽበት እየቆረጠ የሚጥል ወረዳ አብዛኞቹ አሏቸው፤ በምት መካከል ክፍተት ላለው ረብሻ ይረዳል፣ እንደ ቻርጀር ያለ ያልተቋረጠ ሹሹታ ላይ ግን አይሠራም።

ስኩዌልች ግን የተለየ ነው። ነጂው ጫጫታው ሲሰለቸው የስኩዌልቹን ቁልፍ ያጠብቀዋል፤ መኪናው ጸጥ ይላል፤ ሁሉም የተስተካከለ ይመስላል። በዚያው ልክ ግን ደካማው ጥሪ ከጫጫታው ጋር አብሮ በር ተዘግቶበታል። አበው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እንዳሉት፣ ጸጥታ ሁሉ ጤንነት አይደለም። የተጠባቂነት ሥራ ላይ ያለ ሬዲዮ ጸጥ ሲል መጠየቅ የሚገባው «የጠራ የለም ወይስ መስማት አልቻልንም?» ተብሎ ነው።

የሚጠብቀን

ይህ ትምህርት ከቤንዚን ሞተር ጋር አብሮ የሚያረጅ እንዳይመስላችሁ። አገራችን በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ወስናለች፤ የኤሌክትሪክ መኪኖች በመንገዶቻችን ላይ እየበዙ ነው። ካንዴላ የላቸውም፤ ነገር ግን በመቶዎች የሚቆጠር ቮልትን በሰከንድ በሺዎች ጊዜ የሚያበራና የሚያጠፋ ኢንቨርተር አላቸው። አንዳንድ አምራቾች የኤ.ኤም. ሬዲዮን ከኤሌክትሪክ መኪኖቻቸው ያወጡት በዚሁ ረብሻ ምክንያት ነው። ሲስፐር 25 የተባለው ዓለም አቀፍ መለኪያ በመኪናው ውስጥ ያሉ ተቀባዮችን ለመጠበቅ የረብሻ ገደብ ያስቀምጣል፤ ነገር ግን ገደቡ የሚለካው ፋብሪካው በሠራው መኪና ላይ ነው እንጂ ገዢው ኋላ በጨመረው መብራትና ቻርጀር ላይ አይደለም። ያንን የሚጠብቅ ሰው ያስፈልጋል፤ ያም ሰው ከእናንተ መካከል መሆን አለበት።

ለተመራቂዎቻችን የምሰጠው ምክር አጭር ነው። ከመግዛት በፊት አዳምጡ፤ ከማጣራት በፊት መንገዱን ለዩ፤ ከሁሉ በፊት ምንጩን ፈልጉ። የሠራችሁትን ሥራ ስትፈትሹም ሞተሩ እየሠራ፣ መብራቱ በርቶ፣ ፋኑ እየዞረ ይሁን። አምቡላንስ ጥሪ የሚቀበለው ቆሞና ጠፍቶ አይደለምና።